የእትዬ ሸዋዬ ስልጆ

ባለፈው ክረምት የያዘኝ ጉንፋን ሲለቀኝ ማሽተቴን ይዞት ሄደ። ለሳምንታት ሽንኩርት ሲቁላላ ድምፁን እሰማለሁ እንጂ ሽታው አይደርሰኝም። ቅቤና ሳሙና አንድ ሆኑብኝ። ሐኪሙ «ይመለሳል» አለኝ፤ ቀስ እያለም ተመለሰ። በዚያ መሃል ሥራ ስላልነበረኝ ልጄ ምግብ ስትሠራ ማእድ ቤት ቁጭ ብዬ አያት ነበር። ስልኳን ስኳር ዕቃው ላይ ታስደግፋለች፤ ቪዲዮውን ታስኬዳለች፣ ታቆማለች፣ እጇ ሊጥ ስለሆነ በክርኗ ትነካዋለች። ስልኩ «አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ መካከለኛ እሳት» ይላል። «መካከለኛ እሳት ምን ያህል ነው?» አልኳት። «አባዬ ደግሞ! መካከለኛ መካከለኛ ነዋ!» አለችኝ። ይህን ጥያቄ የዛሬ ስንት ዓመት መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ በምትባል ከተማ፣ ማሽተት ላቃታቸው አንዲት ሴት አቅርቤው ነበር። የመለሱልኝም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ጊዜው መንግሥት ተለውጦ፣ የወረዳውና የዞኑ አዲስ አጠራር ገና አፋችን ላይ ያልተለማመደበት ነበር። ቢሮዎች ቀለም ይቀባሉ፣ ስብሰባ ይበዛል፤ ግምገማ የሚባለው ቃል ደግሞ ከቢሮ ወጥቶ ጠላ ቤት ገብቶ ነበር። የምሠራበት ጋዜጣ የመንዝንና የግሼን ወሬ እንድልክ መሐል ሜዳ አስቀመጠኝ። ከደብረ ብርሃን የሚነሳው አውቶቡስ ጎማ ካልፈነዳበት ከሰዓት በኋላ ይገባል፤ ከጣሪያው ላይ መጀመሪያ በግ፣ ቀጥሎ ከረጢት፣ በመጨረሻ የእኔ ጋዜጣ ይወርዳል። ወንዱ ሁሉ በኮቱ ላይ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና ይደርባል፤ እግሩ ላይ ያችኑ የላስቲክ ኮንጎ ጫማ። ሴቶቹ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስለሚከናነቡ ሰው የሚለየው በዓይንና በአረማመድ ነው። መናኸሪያው ፊት ለፊት ሻይ በስሙኒ የምትሸጥ ጠባብ ሻይ ቤት ነበረች። ቴፕ አላት፤ የቴፑ ባትሪ ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክምና ድምፁ እየወፈረ ይጎተታል። ያኔ ባለቤቷ ባትሪዎቹን አውጥታ በር ላይ ፀሐይ ታሞቃቸዋለች፤ እኛም ዘፈኑ እስኪያገግም ሻያችንን ይዘን እንጠብቃለን። አሁን በዚያ ማእዘን ላይ ፎቅ ቆሟል ብለው ነግረውኛል። አላየሁትም።

ጋዜጣው በኋላ ገጹ ላይ ስለ ምግብ አሠራር የሚያወጣው ዓምድ ነበረው። የምታዘጋጀው ባልደረባችን አራስ ስትሆን አዘጋጁ ስልክ አስደውሎ «አንተ እዚያው የአገሩን ምግብ እየጠየቅህ ላክ፤ ልኩን በትክክል ጻፍ፤ አንባቢ ሠርቶ ሊበላው ነው» አለኝ። ስለ ምግብ የማውቀው መብላቱን ብቻ ነበር። ቢሆንም ሥራ ሥራ ነውና ደብተሬን ይዤ ከቤት አከራዬ ጀመርኩ።

አከራዬ እትዬ ሸዋዬ ባል የሞተባቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ቀልድ የማያልፋቸው ሴት ናቸው። በከተማው የሚታወቁት በአፍንጫቸው ነበር። ነገሩ ለማያውቅ ሰው እንግዳ ይመስላል። በሁዳዴ ጾም ቅዳሴ ሳይወጣ እህል ውሃ አይቀመስም፤ የምታበስለዋም ሴት ብትሆን ጣቷን አትልስም። ስለዚህ የጨው ማነሱን፣ የሰናፍጩን መብዛት፣ የሽሮውን መብሰል የምትለየው በማሽተት ነው። ሁሉም ሴት ይህን ትሞክራለች፤ እትዬ ሸዋዬ ግን አይሳሳቱም ይባላል። ድግስ ያለበት ቤት ያስጠራቸዋል። ድስቱ ላይ ጎንበስ ይላሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ «ይሄ ነጭ ሽንኩርት ጠግቧል፤ ያኛው ገና ነው» ብለው ያልፋሉ። ስለ ጨው አፍንጫ ምን ሊያውቅ ይችላል ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ። «ጨው አይሸትም። ጨው የጎደለው ነገር ግን ይሸታል» አሉኝ። ጻፍኩት፤ አዘጋጁ ግን ሰረዘው።

አንድ ጠዋት በክፍሌ ፋኖስ ተገልብጦብኝ ላምባው ወለሉን አጥለቀለቀው። መስኮት ከፍቼ በጨርቅ ስጠርግ እትዬ ሸዋዬ መጡና ከላምባው መሃል ቆመው ስለ ገብስ ዋጋ ያወሩኝ ጀመር። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል።

«እትዬ፣ አይሸትዎትም?» አልኳቸው።

ወለሉን አዩ። ጫማቸውን አነሱ። ከዚያ በሩን ዘግተው ተቀመጡ።

«ገና አካባቢ ከያዘኝ ጉንፋን ወዲህ ምንም የለም» አሉ። «ምላሴም አብሮ ሄዷል። የምበላው ሁሉ ጭቃ ነው። የሺ ታውቃለች። ከእሷና ከአንተ ሌላ ሰው ከሰማ፣ ከአንተ አፍ ነው የወጣው።»

የሺ ምራታቸው ናት። ከመርሐቤቴ ቆላ ለልጃቸው ተድራ ከመጣች ጥቂት ጊዜዋ ነው፤ ባሏ ደብረ ብርሃን እየሠራ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ብርዱን ገና ስላልለመደችው የአማቷን ባና ደርባ ነበር የምትውለው።

እትዬ ሸዋዬን ያስጨነቃቸው በመጋቢት የሚደርሳቸው የማርያም ማኅበር ተራ ነው። ማኅበርተኛው ወደ እሳቸው ቤት በሁዳዴ የሚመጣው ስልጆ ብሎ ነው፤ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ተገንፍቶ፣ ሰናፍጭ ገብቶበት፣ ለቀናት ታፍኖ የሚኮመጥጥ የጾም ምግብ። የእሳቸው ስልጆ አፍንጫ ድረስ ወጥቶ እንባ የሚያስመጣ ነው ይሉ ነበር። «ዘንድሮ ከተበላሸ ያውቁብኛል» አሉኝ። «ካወቁብኝ አለቀ። ከእንግዲህ በሠርግ በተዝካሩ ‹እትዬ ሸዋዬ እዚህ ይረፉ› ብለው ጥግ ላይ አስቀምጠው ቆሎ ይሰጡኛል። እኔ ደግሞ ቆሎ ለመቆርጠም ጥርስ የለኝ!» ሳቁ። እኔ ግን ለመሳቅ ድፍረት አጣሁ።

መፍትሔው አሠራሩን ለየሺ በቃል ማስተላለፍ ሆነ። እኔም ለዓምዱ የምልከው ስለምፈልግ ደብተሬን ይዤ ከምድጃው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ።

«ስንት ጣሳ ባቄላ ነው እትዬ?»

«እንደ ሰዉ ነዋ።»

«ሰዉ ማኅበርተኛው ነው እንበል።»

«እንግዲያማ በዚያ በወተት ጣሳ እየሰፈሩ፣ በቃ እስኪል።»

«‹በቃ እስኪል› ጋዜጣ ላይ አይወጣም።»

«ለምን አይወጣም? የናንተ ጋዜጣ ስንት ነገር ያወጣ የለም እንዴ!»

የሺ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። በመጨረሻ እሳቸው ወደ ገበታው እንደ ልማዳቸው እየቆነጠሩ እንዲጨምሩ፣ እኔ ደግሞ የቆነጠሩትን ወደ ጣሳ መልሼ እንድለካ ተስማማን። ጨዉ፣ ሰናፍጩ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጤና አዳሙ ሁሉ እንዲህ ተለካ። ችግር የገጠመን ሰዓቱ ጋ ነው። ገንፎው እሳት ላይ እስከ መቼ ይማሰላል ስላቸው «አቡነ ዘበሰማያት እየደጋገምሽ ነው፤ ሲከብድሽ ይበቃል» አሏት።

«በችኮላ ነው የሚደገመው ወይስ እንደ መሪጌታው እየተጎተተ?» አልኩ።

እትዬ ሸዋዬ አማሳያውን ይዘው አፍጥጠው አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ጸሎት ነው እኮ የሚደገመው። እንደሚገባው ነው የሚደገመው!»

«እርስዎ እንደሚደግሙት ይድገሙልኝና ሰዓቴን ልይ።»

ደገሙ። ሰዓቴን አየሁ፣ ጻፍኩ። «ከዚያስ?» አልኩ። «ከዚያማ ከቀዘቀዘ በኋላ ሰናፍጩን አግብተሽ፣ ማሰሮ ውስጥ ገልብጠሽ፣ ከድነሽ ትተዪዋለሽ። ይመጣል» አሉ። ያንንም ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩ፤ ለየሺም በሌላ ወረቀት ገልብጬ ሰጠኋት። እስካሁን ስለ ወፍጮ፣ ስለ መንገድና ስለ ስብሰባ ከጻፍኩት ሁሉ የተሟላ ዘገባ መሰለኝ።

ስልጆው ሊሠራ ሲቃረብ ከጓሳ ደጋ ማዶ አንድ ሰው በፈረስ መጣ፤ የእትዬ ሸዋዬ የወንድም ሚስት አርፋለች። ለቅሶ አይቀርምና በማግስቱ በቅሎ ተጭኖላቸው ሄዱ። ከግቢው ሲወጡ ለየሺ «ወረቀቱን ይዘሻል» አሏት፤ ለእኔ «አፍህን ይዘሃል» አሉኝ።

የሺ በነጋታው ሥራ ጀመረች። ዱቄቱን እኔ በጣሳ ሰፈርኩ፣ ወረቀቱን እኔ አነበብኩ፣ እሷ አማሰለች። ከአጥሩ ማዶ ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ የማኅበሩ አባል ይኖራሉ፤ አይጥን ከጉድጓዱ የሚያስወጣ ምላስ ያላቸው። አንገታቸውን በአጥሩ ላይ አሻግረው «ጋዜጠኛው! ዛሬ ደግሞ ባቄላው ስብሰባ ጠርቷል እንዴ?» አሉኝ። «አዎ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፤ ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ» አልኳቸው። «በል እንግዲህ፣ ትንሽ ቆይተህ ቀሚስ ይሰፋልሃል» ብለው እየሳቁ ገቡ። የሺ አቡነ ዘበሰማያቱን እየደገመች አማሰለች፤ ሲከብዳት አወጣች፤ ቀዝቅዞ ሰናፍጩ ገባ፤ ማሰሮው ተከደነ። ማሰሮውን ጓዳ ወስዳ ንፋስ ከሚያስገባው ግድግዳ ሥር መሬት ላይ አስቀመጠችው። በየቀኑ ጠዋት ዙሪያውን ውሃ ስትረጭ አይቻታለሁ። ወረቀቱ ላይ ስለ ውሃ የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ የሚከለክልም አልነበረም።

እትዬ ሸዋዬ የማኅበሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ከበቅሎ እንደወረዱ፣ ባናቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ ወደ ጓዳ ገብተው ክዳኑን ከፈቱና ጎንበስ አሉ። ልማድ ነው። ከዚያ ቀና ብለው ጠሩን።

«የሺ፣ ምን ምን ይላል?»

የሺ አሸተተች። «ባቄላ ባቄላ» አለች።

«ሰናፍጩስ?»

«ከታች አለ። ግን አልመጣም እማማ።»

«አንተስ?»

«ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ባቄላ» አልኩ።

እትዬ ሸዋዬ ማሰሮውን ዳበሱት። እርጥቡን መሬት ነኩ። «እዚህ ነው የሰነበተው?»

«አዎ፣ ቀዝቃዛው ጋ። እንዳይከፋ ውሃም እረጭለት ነበር» አለች የሺ። «እኛ አገር ጥላ ያላገኘ ስልጆ በማግስቱ አረፋ ደፍቆ ክዳኑን ያነሳዋል።»

«የኔ ልጅ፣ መንዝ ላይ ምን ይከፋል? እዚህ እኮ ሰው ዛሬ ሰድበሽው የሚቆጣው በሳምንቱ ነው! ስልጆ የሚያድረው ምድጃ ሥር ነው። ባና ለብሶ።»

«አልነገሩኝማ!»

«ይሄም ይነገራል?»

የሺ እንባዋ መጣ። እኔ ወረቀቱን አወጣሁና ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ጣሳው፣ ቁንጥሩ፣ ጸሎቱ ሁሉ አለ፤ ምድጃው የለም። ለእትዬ ሸዋዬ ማሰሮውን ምድጃ ሥር አኑሪ ማለት ሲመሽ በር ዝጊ እንደማለት ነው፤ የሺም መርሐቤቴ ላይ ጥላ ፈልጊለት ብሎ የነገራት አልነበረም፤ እናቷ ስትሠራ አይታ ነው ያደገችው። ሁለቱም መናገር ያላስፈለጋቸው አንድ ነገር በመካከላቸው ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ የምግብ አሠራር ሳነብ፣ በልጄ ስልክም ቢሆን፣ ጸሐፊው የየት አገር ሰው ነው ብዬ እጠይቃለሁ። የባሕር ዳርቻ ሰው ባቄላ ቶሎ ይበስላል ብሎ ቢጽፍ መንዝ ላይ ያለ አንባቢ ማገዶውን ጨርሶ ጥሬ ይበላል።

«ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ቤት ትንሽ እርሾ ልጠይቅ?» አለች የሺ።

«ከጥሩወርቅ? ሞቼ ነው!»

ማሰሮው ባና ለብሶ ምድጃ ሥር ሄደ። ጠዋት ሲከፈት ትንሽ ተንፍሷል፣ ጠርዙ ላይ አረፋ ይዟል፤ ግን ለመኮምጠጥ ገና ሩቅ ነው። ያኔ የሺ እናቷ ከቆላ ከላኩላት ሎሚ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛ መጣች።

«ሎሚ?» አሉ እትዬ ሸዋዬ። «በስልጆ ላይ?»

«እማማ፣ ይሄ ካልገባ ዛሬ የሚቀርበው የቀዘቀዘ ሽሮ ነው።»

«ማን ቀምሶ ያውቀዋል?» ወደ እኔ ዞሩ። «ጋዜጠኛ ይጾማል?»

«ይጾማል እትዬ።»

«ምናለ ዛሬን እንኳ ባትጾም!»

የሺ ሳትቀምስ፣ እያሸተተች ብቻ ሎሚውን ጨመቀች። ስለወፈረባት በውሃ አቅጥና መታችው፤ አንድ ጊዜ ታሸታለች፣ አንድ ጊዜ ለእኔ ታቀርብልኛለች። እትዬ ሸዋዬ እጃቸውን አጣጥፈው ከበሩ አጠገብ ቆመው ፊታችንን ነበር የሚያዩት።

ቅዳሴ ወጥቶ ማኅበርተኛው ገባ። ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ። የሺ ስልጆውን በየገበታው አስቀመጠች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እጃቸውን ታጥበው «እሺ፣ ግምገማው ይጀመር!» ሲሉ ቤቱ ሳቀ። ጎረሱ። ሳቁ ቆመ።

«እትዬ ሸዋዬ፣ ይሄ ምንድነው?» አሉ።

«ስልጆ ነዋ።»

«ስልጆስ ስልጆ ነው። ውስጡ ግን እንግዳ አለ።» እንደገና ጎረሱ። «ምን አገቡበት?»

ቤቱ ሁሉ ወደ እትዬ ሸዋዬ ዞረ። እሳቸውም ቆርሰው ጎረሱና አላመጡ፤ ረጅም ጊዜ አላመጡ። የሺ በር ላይ ሆና ልትናገር አፏን ስትከፍት በእጃቸው አስቆሟት።

«እኔ እንጃ» አሉ። «ልጅቷ ናት የሠራችው። እኔ ከገና ወዲህ አፍንጫም ምላስም የለኝ። አሁን የዋጥኩት ስልጆ ይሁን ጭቃ አላውቅም።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ እጃቸውን ገበታው ላይ እንዳኖሩ ቀሩ። አንዲት ሴት «እግዜር ይማርዎት» ብላ ጀመረችና ትታው ቀረች። እኔ ተነስተው ይወጣሉ ብዬ ፈራሁ። እትዬ ሸዋዬ ግን ጋቢያቸውን ከጆሯቸው ላይ አነሱና ወደ ገበታው ተጠጉ።

«እስቲ ንገሩኝ» አሉ። «መጀመሪያ የት ነው የሚነካሽ?»

«ማንን? እኔን?» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ። ጎረሱ። «ምላሴ ጫፍ ላይ። ሎሚ ነው፤ አወቅሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሰናፍጩ ይነሳል።»

«የት ይደርሳል? አፍንጫሽ ይገባል?»

«ሊገባ ይልና ይመለሳል።»

«ለኔስ ገብቷል» አለች ሌላዋ። «እኔን ጉሮሮዬ ላይ ነው የተወኝ» አለች ሦስተኛዋ። «ቆይ፣ አታቋርጪኝ፤ ቶሎ መጥቶ ቶሎ ነው የሚሄደው። ስትውጪው ምንም አይቀርም።» ሁሉም አንድ ላይ ማውራት ጀመሩ፤ የሚጎርሱት ለመጥገብ ሳይሆን ለመመስከር ነበር። ቄሱ እንኳ ጎርሰው «ከኋላ ባዶ ነው» አሉ። እትዬ ሸዋዬ ዓይናቸውን ጨፍነው እያንዳንዷን በስሟ እየጠሩ ጠየቁ። ብዙ ባለሥልጣን ሲጠይቁ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ መልስ የሚጠብቅ ጠያቂ ግን አላጋጠመኝም።

«የሺ» አሉ በመጨረሻ። «ሎሚውን ስታገቢ በውሃ አቅጥነሽዋል?»

«ትንሽ። ወፍሮብኝ።»

«ውሃው ሲጨመር ጨው ጨምረሻል?»

የሺ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጨው አመጣች። እትዬ ሸዋዬ በጣታቸው ቆንጥረው በወይዘሮ ጥሩወርቅ ፊት ያለው ሳህን ላይ በተኑና አማሰሉት። «አሁን» አሉ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጎረሱ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ በነጠላቸው ጠረጉና እንደገና ጎረሱ። ሌሎቹ ሳህናቸውን ወደ ጨዉ ገፉ።

«ከፋሲካ በኋላ ልጄን እድራለሁ» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጉርሻቸውን ሳይውጡ። «ወጡ ላይ የሚቆሙልኝ እርስዎ ነዎት።»

«አፍንጫ የለኝም ብዬሽ!»

«አፍንጫማ እኛ ጋ ሞልቷል።»

እትዬ ሸዋዬ ዱካቸውን ስበው ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ጎን ተቀመጡ።

«በርበሬውን አስፈጭተሻል?» አሏቸው።

«ትናንት ነው የመጣው።»

«እንግዲያው ንገሪኝ። ከረጢቱን ስትከፍቺው መጀመሪያ የሚመጣው ምንድነው?»

«ቆይ» ብለው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ተነሱ። «ሄጄ ላሽተው።»